የኋላው ወንበር

ሙዚየሙ ውስጥ ሰው የሚሰበሰበው ሌላ ቦታ ነበር። አፍንጫቸው የሾለ፣ ክንፋቸው ወደ ኋላ የሸሸ፣ ከሆዳቸው ሥር ሚሳይል የተደረደረላቸው ተዋጊ ጄቶች ፊት ልጆች ፎቶ ለመነሣት ተራ ይጠብቃሉ። እኔ የቆምኩበት ጥግ ግን ጭር ብሏል። እዚያ ያለው ክንፉ ቀጥ ያለ፣ በሁለቱም ክንፎቹ ጫፍ ላይ ረዥም የነዳጅ ታንክ የተሸከመ ብርማ አውሮፕላን ነው። የመስታወት ክዳኑ ከሌሎቹ ሁሉ ይረዝማል፤ ከሥሩ ሁለት ወንበር ስላለ ነው፣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ስሙ ቲ-33 ይባላል፤ የጄት አብራሪዎች ማሠልጠኛ ነው።

አውሮፕላኑን የሚንከባከቡት አዛውንት ቆሜ መቅረቴን አይተው መሰላል አቀረቡልኝ። ወጣሁ። እሳቸው ከፊት ባለው መሰላል ወጡና እጃቸውን ወደ ፊተኛው ኮክፒት ሰድደው ስቲኩን፣ ማለትም አብራሪው በእግሮቹ መካከል የሚይዘውን መሪ ዱላ፣ ቀስ አድርገው ወደ ቀኝ ገፉት። እኔ የማየው የኋላውን ወንበር ነበር። ማንም ሳይነካው የኋላው ስቲክ ወደ ቀኝ ዘመም አለ። ወደ ግራ መለሱት፤ ይሄኛውም ተከትሎ መጣ። እጀታው በብዙ እጅ መዳፍ ተፍቆ ጥቁር ቀለሙ ከጎንና ከጎኑ ለቋል። ባዶ ወንበር ላይ፣ የማይታይ ሰው የያዘው ይመስል፣ ሲሄድና ሲመጣ ዝም ብዬ አየሁት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስለዚህ አውሮፕላን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። የጦር መሣሪያ ፍቅር ይዞኝ አይደለም። እኔ የብረት ሥራ ባለሙያ ነኝ፤ ቶርኖ ማሽን ላይ ከሃያ ዓመት በላይ ቆሜያለሁ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ አዳዲስ ልጆች አሠለጥናለሁ። ያ ብቻውን የተንቀሳቀሰ ስቲክ የእኔን የዕለት ተዕለት ጭንቀት ነው ያሳየኝ። ሥራው በሌላ ሰው እጅ፣ ኃላፊነቱ በአንተ ላይ ሲሆን የራስህን እጅ የት ታስቀምጠዋለህ?

መጀመሪያ የገረመኝ ቁጥሩ ነው። ቲ-33 የወጣው ፒ-80 ሹቲንግ ስታር ከሚባለው ባለ አንድ ወንበር ተዋጊ ነው። ፒ-80 አሜሪካ ለውጊያ ያሰለፈችው የመጀመሪያ ጄት ሲሆን ከእሱ የተመረተው 1,700 ገደማ ነው። ከጎኑ የወጣው ማሠልጠኛ ግን ካናዳና ጃፓን የሠሩትን ጨምሮ 6,557 ደረሰ። ልጁ አባቱን በቁጥር አራት እጥፍ ሊሞላው ምንም አልቀረው። አባቱ ገና በአምስት ዓመቱ፣ በኮሪያ ጦርነት የሶቭየቱ ተዋጊ ጄት ሚግ-15 ከፊቱ ሲቆም፣ ዘመኑ ያለፈበት መሆኑ ታወቀ። ልጁ ግን በወታደራዊ አገልግሎት እስከ 2017 ዘለቀ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አባትየው የተወለደው በጥድፊያ ነው። ጀርመን የጄት ተዋጊ እያዘጋጀች መሆኗ ሲታወቅ፣ በ1943 የሎክሂድ ኩባንያ መሐንዲስ ክላረንስ ኬሊ ጆንሰን አንድ ጄት በ180 ቀን ሠርቶ ሊያስረክብ ቃል ገባ። ጥቂት ሰዎች መርጦ፣ ከሌላው ፋብሪካ ገለል ብሎ፣ በ143 ቀን ጨረሰው። ሞተሩ ከእንግሊዝ የመጣ ጎብሊን ነበር። መሬት ላይ ቆሞ ሞተሩ ሲሞከር ታዲያ አየር የሚያስገቡት ሁለቱ የቆርቆሮ ቦዮች የመምጠጡን ኃይል መቋቋም አቅቷቸው ወደ ውስጥ ተጨማደዱ፤ ስብርባሪያቸው ተስቦ ገባና ሞተሩን አበላሸው። ሌላ ሞተር እስኪመጣ ተጠበቀ። በመጨረሻ ጃንዋሪ 8 ቀን 1944 ማይሎ በርቻም የተባለው የሎክሂድ ሙከራ አብራሪ ከደረቁ የሙሮክ ሐይቅ ወለል ላይ አስነሣው።

በርቻም ዓመቱን አልጨረሰም። በኦክቶበር 1944 በሌላ ፒ-80 ሲነሣ የነዳጅ ፓምፑ ቆመና ሞተሩ ጠፋ፤ ወድቆ ሞተ። በማርች 1945 የሥራ ባልደረባው ቶኒ ለቪየር እየበረረ ሳለ ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረው ተርባይን ተሰብሮ የአውሮፕላኑን ጅራት ቆረጠው። ለቪየር በፓራሹት ወረደ፣ ግን አወራረዱ ክፉ ነበር፤ ጀርባው ተሰበረና ወራት ተኛ። ከዚያ ኦገስት 6 ቀን 1945፣ ሂሮሺማ ላይ ቦምብ በወደቀበት በዚያው ዕለት፣ ሪቻርድ ቦንግ ሞተ። ቦንግ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት 40 የጠላት አውሮፕላን የጣለ፣ በአሜሪካ ታሪክ በዚህ የሚስተካከለው የሌለ ተዋጊ ነበር። እሱም ሲነሣ የነዳጅ ፓምፑ ቆመበት። ከበርቻም ሞት በኋላ መጠባበቂያ ፓምፕ ተጨምሮ ነበር፤ ቦንግ ግን ወይ አላበራውም፣ ወይ ለማብራት ጊዜ አላገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ብዙ አስቤያለሁ። ቦንግ ጀማሪ አልነበረም፤ ከእሱ በላይ አየር ላይ የተፈተነ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን እጁ የለመደው ፕሮፔለር ነው። ጄቱን የሚያውቀው በሰዓታት ብቻ ነበር። ፒ-80 ደግሞ አንድ ወንበር ነው ያለው። መሬት ላይ ታነባለህ፣ ኮክፒቱ ውስጥ ቁጭ ብለህ መቀያየሪያዎቹን ዓይንህን ጨፍነህ ታገኛለህ፣ ከዚያ የመጀመሪያው በረራህ ለብቻህ ነው። የሚያርምህ ሰው የለም። ስሕተትህን የሚያሳውቅህ ራሱ ስሕተቱ ነው።

ጄቱ የሚጠይቀው ልማድ ደግሞ ከድሮው ጋር ይጋጫል። ፕሮፔለር ያለው አውሮፕላን ጋዝ ስትቀንስለት ፕሮፔለሩ ራሱ እንደ ፍሬን ይይዘዋል፤ ጄት ግን ተንሸራትቶ ይሄዳል፣ ፍጥነቱ አይወርድልህም። ነዳጁን ዝቅ ባለ ከፍታ ላይ ከሆንክ በሚያስደነግጥ ፍጥነት ይጨርሰዋል። ከሁሉም የሚብሰው ግን የመዘግየቱ ነገር ነው። የዚያ ዘመን ጄት ሞተር ከባድ ተሽከርካሪ አካል አለው። ትሮትሉን፣ የጋዝ መስጫውን፣ ወደ ፊት ስትገፋው ነዳጁ ወዲያው ይጨምራል፤ ሞተሩ ፍጥነቱን አግኝቶ ወደ ፊት መግፋት እስኪጀምር ግን ሰከንዶች ያልፋሉ። ለማረፍ ስትቃረብ ዝቅ ብለህ፣ ፍጥነትህ ወርዶ፣ ያኔ «ጋዝ!» ብትል መልሱ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። የፕሮፔለር አብራሪ እጁ የሚያውቀው ወዲያው የሚመልስ ሞተር ነው። ያ ያመነው እጁ ነው የሚከዳው።

ሁለተኛው ወንበር የመጣው ከዚህ ነው። ሎክሂድ ሐሳቡን ሲያነሣ ከአየር ኃይሉ በኩል ብዙ ፍላጎት አልታየም ነበር፤ ኩባንያው በራሱ ገንዘብ ጀመረው። ከማምረቻው መስመር ላይ አንድ ፒ-80 ወሰዱና ገላውን ቆርጠው 98 ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዘሙት። ይህን ሳነብ ባለሙያነቴ ነቃ። የተጨመረው ብረት አንድ ቦታ ላይ አይደለም፤ 68 ሳንቲ ሜትር የሚሆነው ከክንፉ በፊት፣ 30 የሚሆነው ከክንፉ በኋላ ነው። ለምን? አንድ ሰው፣ ወንበሩንና መሣሪያውን ይዞ፣ ከክንፉ ፊት ከተጨመረ አፍንጫው ይከብዳል፤ ያንን የሚመልስ ርዝመት ከኋላም ያስፈልጋል። ሚዛን ላይ ያለ ዕቃ ሲጨመርበት ሁለቱንም ጎን አይተህ ነው የምትጨምረው። ዲዛይን የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እኔ ግን የገረመኝ ሰውን እንደ ክብደት ቆጥሮ፣ ለዚያ ሰው ሲባል የአውሮፕላን አከርካሪ መቁረጡ ነው።

ለተጨመረው ነገር የተሰጠም ነገር አለ። ስድስት የነበሩት መትረየሶች ወደ ሁለት ወረዱ፤ ብዙዎቹ ላይ ጭራሽ አልተገጠሙም። በገላው ውስጥ የነበረው የነዳጅ ታንክ አነሰ፣ ምክንያቱም ቦታው ላይ መምህሩ መቀመጥ ነበረበት። ተዋጊን ተዋጊ የሚያደርገው መሣሪያና ነዳጅ ነው። ከሁለቱም ተቀንሶ በምትኩ የሚያውቅ ሰው ተቀመጠ።

አዲሱ አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረው ማርች 22 ቀን 1948 ነው። አብራሪው ቶኒ ለቪየር ነበር። ያ ጅራቱ ተቆርጦበት ጀርባው የተሰበረው ሰው፣ በሦስት ዓመቱ የዚያው አውሮፕላን ልጅ ውስጥ ገብቶ ተነሣ። በዚያች ጠዋት ምን እንዳሰበ ባውቅ ምን አለበት እላለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው ተጀመረ። ቀንና ሌሊት፣ ሺዎች ሰልጣኞች፣ ለብዙ ዓመታት። አሜሪካኖቹ «ቲ-በርድ» ብለው ሰየሙት። በፕሮፔለር መብረር የተማረ ልጅ ወደ ጄት የሚሻገርበት ድልድይ ሆነ። ከድምፅ የሚፈጥነው ማሠልጠኛ ቲ-38 ከ1961 ጀምሮ ቦታውን እየተረከበ እስኪመጣ ድረስ የአሜሪካ አየር ኃይል የጄት አብራሪ ማለት በቲ-33 ያለፈ ሰው ማለት ነበር።

ትምህርቱ ውስጥ በጣም የምወደው ክፍል የሸራው ትምህርት ነው። አሠልጣኝ ሁልጊዜ ከኋላ አይቀመጥም። በደመና ውስጥ በመሣሪያ ብቻ መብረርን ለማስተማር ሰልጣኙ ወደ ኋላ ወንበር ይዛወርና ከጭንቅላቱ በላይ የሸራ መጋረጃ ይሳብበታል። ሰማይ የለም፣ መሬት የለም። ፊቱ ያሉት መርፌዎች ብቻ ናቸው። እዚያ ውስጥ ሰው የሚማረው የገዛ ሰውነቱ እንደሚዋሽ ነው። ጆሮ ውስጥ ያለው የሚዛን ፈሳሽ፣ ዙሩ ቀስ ብሎ ከጀመረ፣ አይሰማውም፤ እየዞርክ ቀጥ ብለህ የምትሄድ ይመስልሃል። ቀጥ ስትል ደግሞ ወደ ሌላው ጎን የወደቅክ ይመስልሃል። መላ ሰውነትህ «ዞር በል!» እያለ ሲጮኽ አንዲት ትንሽ መርፌ «ቀጥ ብለሃል» ትልሃለች፤ ማመን ያለብህ መርፌዋን ነው። ያን ጊዜ ሁሉ ፊት የተቀመጠው መምህር ውጭውን እያየ ነው። ሰልጣኙ የማያየውን ተራራ፣ የማያየውን ሌላ አውሮፕላን እሱ ያይለታል። አንዱ ዓይን ይሆናል፣ ሌላው እጅ። ሁለት ሰው በአንድ ስቲክ።

አውሮፕላኑን ከአንዱ ወደ ሌላው ለማስተላለፍም ሥርዓት አለው። የሚረከበው ስቲኩን ነቅነቅ ያደርጋል፣ በቃልም ይናገራል፤ የሚያስረክበው እጁን ያነሣል። ከዚህ ሥርዓት ውጭ መሆን ምን እንደሚያመጣ ለመገመት አብራሪ መሆን አያስፈልግም። ሁለቱም የያዙት ከመሰላቸው ይጎታተታሉ፤ ሁለቱም አንዱ ይዞታል ካሉ ደግሞ ማንም አልያዘውም።

ስለ ራሴ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ካሠለጠንኳቸው ውስጥ እጁ እጅግ የተባረከ አንድ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ቶርኖው ላይ ዘንግ እያስላጠ ሳለ ስለቱ ከሚገባው በላይ ጠልቆ ሊገባ መሆኑ ታየኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም። ዘልዬ እጄን በእጁ ላይ አድርጌ መንኮራኩሩን ነጠቅሁት። ዕቃው ዳነ። ልጁ ግን ከዚያ በኋላ ለሳምንታት፣ ስለቱን ባስገባ ቁጥር፣ ከመጀመሩ በፊት ቀና ብሎ የኔን ፊት ያያል። ብረቱን ማየት ትቶ እኔን ማየት ጀመረ። ዘንጉን አድኜ ልጁን አበላሽቼው ነበር። ተቃራኒው ደግሞ ገጥሞኛል፤ ያልፈዋል ብዬ ዝም ባልኩበት ሌላ ጊዜ ስለቱ ተሰብሮ በሌላ ሰልጣኝ ጆሮ አጠገብ በረረ። ሁለቱም ሌሊት እንቅልፍ ይነሡኛል። መካከላቸው ያለው ርቀት የሰከንድ ክፋይ ነው።

በቲ-33 ውስጥ ይህ ነገር ይብሳል፣ ምክንያቱም ሞተሩ ይዘገያል። ሰልጣኙ ዝቅ ብሎ ሲመጣ መምህሩ ስሕተቱ እስኪታይ ከጠበቀ ሞተሩ መልስ እስኪሰጥ መሬቱ ይቀድማል። ስለዚህ የሚፈርደው ገና ባልተፈጸመ ስሕተት ላይ ነው። ልጁ ራሱ ያስተካክለው ይሆናል፣ ላያስተካክለውም ይችላል፤ ውሳኔው ግን ይህ ከመታወቁ በፊት መሰጠት አለበት። ከዚያ ወንበር ጋር ሲነጻጸር የእኔ ቶርኖ በጣም ታጋሽ ነው።

ሌላ ያልጠበቅኩት ነገር ያገኘሁት ከካናዳ በኩል ነው። ካናዳ የራሷን ቲ-33 ሠራች፣ 656 ያህል፣ ሲልቨር ስታር ብላ። የአሜሪካውን ሞተር ትታ የእንግሊዙን የሮልስ ሮይስ ኔን ገጠመችበት። ይህ ኔን ደግሞ በ1946 የእንግሊዝ መንግሥት ለሶቭየት ኅብረት እንዲሸጥ የፈቀደው ሞተር ነው። ሶቭየቶች ፈትተው ገልብጠው አርዲ-45 አሉት፤ ሚግ-15ን አነሡበት። ሚግ-15ም እንዲሁ ባለ ሁለት ወንበር ልጅ ወለደ፤ ሚግ-15 ኡቲ። ሩሲያውያን እንዲህ ያለውን ባለ ሁለት መቀመጫ «ስፓርካ» ይሉታል፣ ጥንድ እንደማለት። በብዛት ተመረተ፤ ቼኮዝሎቫኪያና ፖላንድም ሠሩት። እንግዲህ በቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን በአንዱ ወገን የካናዳ ልጅ፣ በሌላው ወገን የሞስኮ ልጅ፣ ከጀርባቸው መምህር ተቀምጦ፣ በአንድ እናት ሞተር ልጆች ነው መብረር የተማሩት። ጠላትነቱ መሬት ላይ ነበር፤ የሞተሩ መዘግየት ለሁለቱም እኩል ነው።

ዩሪ ጋጋሪን የሞተው በዚያ ስፓርካ ውስጥ ነው። ማርች 27 ቀን 1968። ወደ ጠፈር የመጀመሪያው ሰው ሆኖ ከሄደ ሰባት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለረዥም ጊዜ ከበረራ አርቀውት ቆይተው፣ ገና መመለሱ ነበር። ለብቻው እንዲበር ከመፈቀዱ በፊት ከመምህር ጋር መፈተሽ ነበረበት። ከኋላው የተቀመጠው ቭላድሚር ሴርዮጊን ነው፤ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀግና፣ የአየር ሬጅመንቱ አዛዥ። ከችካሎቭስኪ አየር ማረፊያ ተነሥተው ብዙም ሳይቆዩ ኪርዣች አካባቢ ጫካ ውስጥ ወደቁ። መንስኤው እስከ ዛሬ ያከራክራል። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ የማያባራብኝ ሐሳብ ሌላ ነው። ዓለምን ለዞረ ሰው እንኳ የኋላ ወንበር ያስፈልገዋል ተብሎ ታመነ፤ ያ እምነት ትክክል ነበር፤ ሆኖም አላዳነውም። የኋላው ወንበር ዋስትና አይደለም። ሁለት ሰው አብሮ የሚሞትበትም ቦታ ነው።

ቲ-33 ከሠላሳ በላይ አገሮች አየር ኃይል ውስጥ አገልግሏል። ኢትዮጵያም ከእነዚህ አንዷ ነበረች፤ በደብረ ዘይት፣ በሐረር ሜዳ የሠለጠኑት የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አብራሪዎች ወደ ኤፍ-86 ሴበር የተሻገሩት በዚህ አውሮፕላን ነው። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ማሠልጠኛነቱ ተረስቶ ተዋጊ ሆነ። በኤፕሪል 1961 የኩባ ስደተኞች በአሜሪካ ተደግፈው በአሳማዎች ባሕረ ሰላጤ ሲያርፉ ዕቅድ አውጪዎቹ ለኩባ ቲ-33ዎች ብዙ ቦታ አልሰጧቸውም፤ ማሠልጠኛ ናቸው ተብለው ነበር። ኩባውያኑ ግን ሁለት ሁለት መትረየስ ገጥመውባቸው ነበር። የወራሪዎቹን ቀርፋፋ ቢ-26 ቦምብ ጣዮች እየተከተሉ በርከት ያሉትን ጣሏቸው። ቲ-33ዎቹ ከካስትሮ በፊት ለነበረው የባቲስታ መንግሥት የተሰጡ የአሜሪካ እርዳታ ነበሩ። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ እንደ ጀብዱ ይተረካል። እኔ ሳነበው ደስ አይለኝም፤ መትረየሱ ተነሥቶ መምህር የተቀመጠበት ነገር፣ መምህሩ ወርዶ መትረየሱ ሲመለስበት ነው የማየው።

ከዚያ ይልቅ ሁልጊዜ የምመለስበት የጃፓኑ ታሪክ ነው። ካዋሳኪ በጃፓን 210 ቲ-33 ሠርቶ ነበር፤ በ1999 ጥቂቶቹ አሁንም ይበሩ ነበር። ኖቬምበር 22 ቀን አንዱ ወደ ኢሩማ ጦር ሰፈር ለመመለስ ሲቃረብ ሞተሩ ላይ ችግር ገጠመው። ሁለቱም ወንበሮች ላይ የተቀመጡት የበሰሉ አብራሪዎች ናቸው። ከሥራቸው ቤት የተጨናነቀበት ከተማ ነው፤ ከፊታቸው የወንዝ ዳርቻ አለ። ተወንጫፊ ወንበራቸውን ስበው ለመውጣት ከፍታ በነበራቸው ሰዓት አልወጡም። አውሮፕላኑን ከቤቶቹ እያራቁ ወደ ወንዙ ወሰዱት። መጨረሻ ላይ ሲወጡ ፓራሹት ለመዘርጋት የሚበቃ ከፍታ አልቀረም። አውሮፕላኑ የከፍተኛ ኃይል መስመር በጥሶ ወደቀ፤ 800,000 ያህል ቤት መብራት ጠፋበት። መሬት ላይ የነበረ አንድም ሰው አልሞተም። ሁለቱ ሞቱ። በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ስቲኩን ማን ይዞት እንደነበር አላውቅም። ቢሆንም የአንዱ እጅ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሌላው ስቲክም አብሮ ይንቀሳቀስ እንደነበር ከሙዚየሙ አውቃለሁ።

አንድ ቲ-33 ደግሞ ከሁሉም የተለየ ሕይወት ነበረው። ኤንቲ-33ኤ ይሉታል። ውስጡ ኮምፒውተር ተገጥሞ የበረራ ጠባዩን እንዲለውጥ ተደረገ፤ ገና ያልተሠራ አውሮፕላን እንዴት እንደሚበር ማስመሰል ይችላል። የኤክስ-15 ሮኬት አውሮፕላን አብራሪዎች ተለማምደውበታል፤ ኤፍ-16ም ከመወለዱ በፊት በእሱ ውስጥ ተሞክሯል። ከ1957 እስከ 1997፣ 40 ዓመት። እዚያም ሥርዓቱ ያው ነው፤ ፈታኙ ከፊት ሆኖ ያልታወቀውን አውሮፕላን ይመራል፣ ከኋላ ደግሞ የደኅንነት አብራሪ የተለመደውን ቲ-33 ይዞ ይጠብቃል። ነገሩ ከተበላሸ ኮምፒውተሩን ያጠፋና ይረከባል።

በካናዳ የመጨረሻዎቹ በ2005 ቆሙ። በቦሊቪያ የአንዲስን ተራራ ሰንሰለት እየተሻገሩ እስከ 2017 ድረስ በረሩ። ከመጀመሪያው በረራ 69 ዓመት። እነዚያን አውሮፕላኖች በመጨረሻ ያበረሩት ልጆች አውሮፕላኑ ሲሠራ አያቶቻቸው ወጣቶች ነበሩ።

ያኔ ሙዚየሙ ውስጥ ከመሰላሉ ከመውረዴ በፊት አዛውንቱን ጠየቅኋቸው፤ በወጣትነታቸው በዚህ ዓይነት አውሮፕላን ላይ አሠልጣኝ እንደነበሩ ነግረውኝ ነበርና። «አባቴ፣ እጅዎን የት ነበር የሚያስቀምጡት?» አልኳቸው። አልመለሱልኝም። የቀኝ እጃቸውን ወደ ኋላው ኮክፒት ሰደዱና ጣቶቻቸውን በስቲኩ ዙሪያ እንደ ቀለበት አድርገው ያዙት። ቀረብ ብዬ ሳይ አልያዙትም። በጣቶቻቸውና በእጀታው መካከል በሁሉም በኩል ክፍተት አለ፤ ዕድሜ እጃቸውን ያንቀጠቅጠዋል፣ ቀለበቱ ግን ብረቱን አንዴም አልነካም። ግራ እጃቸውን ከትሮትሉ ኋላ አኖሩት፣ ልጁ ጋዙን ሙሉ በሙሉ እንዳይዘጋው። እንዲያ አድርገው ትንሽ ቆዩ፤ ዓይናቸው ወደ ፊት፣ ባዶው ፊተኛ ወንበር ላይ።

በማግስቱ ወርክሾፕ ገባሁ። ልጁ ዘንጉን አሠረ፣ ማሽኑን አስነሣ። አጠገቡ ቆምኩና የቀኝ እጄን ከቀዩ ማቆሚያ ቁልፍ አንድ ጣት በሚያህል ርቀት ላይ አኖርኩት። ስለቱን ከማስገባቱ በፊት ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላልኩም። በሚቀጥለው ቀንም እንዲሁ። በሳምንቱ መጨረሻ ይመስለኛል፣ የብረቱ ቅንጥብጣቢ እንደ ጥምዝ ፀጉር እየተላጠ ሲወርድ ነበር ልብ ያልኩት፤ ልጁ ዓይኑ ብረቱ ላይ ነበር፣ አንዴም ቀና አላለም።